የፀጉር ዝንብ

ጋሼ አበጋዝ ዓሣ ከመንካቱ በፊት እጁን ያረጥብ ነበር። ያ አጥንት ሰብሮ የሚገባ የመጋቢት ብርድ እያለ ጓንቱን ያወልቅና ሁለት እጁን እስከ አንጓው ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ ፎረል የሚሏትን የሐይቅ ዓሣ የሚይዛት ከዚያ በኋላ ነው። «በደረቅ እጅ ከያዝሻት ቆዳዋ ይላጣል፤ ብትለቂያትም አትተርፍም» አለኝ መጀመሪያ የሄድን ቀን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ደግ ሰው የለም ብዬ እዚያው ደመደምኩ። ለዓሣ ቆዳ የሚጨነቅ ሰው! አይ ልጅነት።

ለትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል አውቃለሁ። ያኔ አንቱታ አፌ ላይ አልገባ ብሎ ሁሉንም ሰው አንተ እል ነበር፤ ሆላንድ ያደገ ልጅ ሁሉ እንደዚያው ነው። ዛሬ ለምዶብኛል። እሱን ግን አሁንም አንተ ነው የምለው፣ ሆን ብዬ።

የምንኖረው ስኪዳም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ባላት ቤት ነበር። አባቴ ዋሲሁን ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ባለ የፍራፍሬ መጋዘን ሙዝ ያራግፋል። ሥራው ቋሚ አይደለም፤ በኡትዘንድቢሮ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ በሚያቀርበው ድርጅት በኩል ነው የገባው። ዛሬ ና ይሉታል፣ ነገ አትምጣ ይሉታል። ናውንም አትምጣውንም የሚወስነው ደግሞ ጋሼ አበጋዝ ነው፣ ፈረቃ የሚደለድለው እሱ ስለሆነ። ሁለቱ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው የኖሩ፣ ኋላም በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚጠጡ ጓደኛሞች ናቸው። አባቴ «ወንድሜ» ሲል እሱን ማለቱ ነበር። የሥጋ ወንድሙን በስሙ ነው የሚጠራው።

በዚያው ክረምት፣ በረዶው ደጃፍ ላይ ሳለ፣ የትነበርሽ አንድ ሻንጣ ይዛ ቤታችን መጣች። የእናቴ የአክስት ልጅ ናት። እናቴ ዓለምወርቅ በሩን ስትከፍትላት አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ሻንጣውን ብቻ ተቀብላ ወደ እኔ ክፍል አስገባችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና የትነበርሽ አንድ አልጋ ላይ መተኛት ጀመርን።

«እሷ እዚህ እንዳለች ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ እናቴ።

«ለምን?»

«ቤቱ የተሰጠን ለሦስት ሰው ነው። አራት መሆናችንን ካወቁ ያስወጡናል።»

አመንኳት። ለምን አላምናትም? ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ማሞቂያ ሊያይ የሚመጣውን ሰውዬ ጠላት አድርጌ ያዝኩት። ደወል በተደወለ ቁጥር የትነበርሽ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ስትገባ፣ እኔ ደግሞ አልጋው ላይ የአንድ ሰው ትራስ ብቻ እንዲታይ ሌላውን እደብቃለሁ። በሥራዬ እኮራ ነበር። ከማን እንደምንደብቃት ግን የነገረኝ የለም። ጋሼ አበጋዝ አገር ቤት ሄዶ ሚስት ማምጣቱን፣ ሄግ ትራንስቫል ሰፈር እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። ሚስቱን ግን ዓይቻት አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ይዟት አይመጣም። «ብርዱን አልቻለችውም» ይላል ሲጠየቅ። ያቺ ብርዱን ያልቻለች ሚስትና የእኔ የትነበርሽ አንድ ሰው ይሆናሉ ብዬ እንዴት ልገምት?

የትነበርሽን ወደድኳት። ታሪክ ታወራልኛለች፣ ሹሩባ ትሠራኛለች፣ በሆላንድኛ ቁጥር አስተምራታለሁ፤ ስትሳሳት አብረን እየሳቅን አልጋው ላይ እንንከባለላለን። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር። ግራ ጆሮዋ ጀርባ ግን በመዳፍ ልክ ባዶ ቦታ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት፣ «ማበጠሪያ ነቅሎት ነው» አለችኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በኪሴ ገንዘብ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ገዝቼ ሰጠኋት። ይዛው እንዴት እንዳለቀሰች! ማበጠሪያው ደስ ብሏት ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር አንድም ሳታስቀር ትለቅማለች። ጠቅልላ ጠቅልላ እንደ ኳስ ታደርገውና አልጋው ሥር ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች።

«ለምንድነው የማትጥይው?»

«የሰው ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይሠራበታል። አገር ቤት እናቃጥለዋለን፤ እዚህ ባቃጥለው ያ ጣሪያው ላይ ያለው ጉድ ይጮሃል።» ጣሪያው ላይ ያለው ጉድ የጢስ ማንቂያው ነው። አንድ ጊዜ ሽንኩርት አሮባት ጮሆ ሰፈሩን ስላስደነገጠው ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከእሱ አትነቅልም።

ሁዳዴ ሲገባ የእናቴና የአባቴ ድምፅ ከወጥ ቤት መሰማት ጀመረ። በሩን ይዘጉታል፤ ግድግዳው ግን ካርቶን ነው።

«እስከ መቼ ነው ዓለምወርቅ? እስከ መቼ?»

«እስከ ፈለገችበት።»

«ያጋባናቸው እኛ ነን። ነገ ሲሰማ ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?»

«አንተ ዓይኑን ነው የምታየው? እኔ ጆሮዋ ጀርባ ያለውን ነው የማየው።»

«ባልና ሚስት መሃል ይገባል? ደግሞ በሰኔ ኮንትራቴ ያልቃል። ታውቂያለሽ።»

«ዋሲሁን፣ ማንም አይነካሽም ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። ቃሌን ካስበላኸኝ አንተና እኔ ማዶ ለማዶ ነን።»

ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያን ጊዜ የገባኝ ግን ኮንትራት የምትለዋ ብቻ ናት፤ የቤቱ ኮንትራት መሰለኝ። ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ ሰውዬ በሰኔ ሊያስወጣን ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ግቢው ውስጥ እጄን ይዞ ወደ ጋሼ አበጋዝ ወሰደኝ። «ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ ታፍና ልትሞት ነው። ቅዳሜ ዓሣ ስትሄድ ይዘሃት ሂድ እስቲ» አለው። ጋሼ አበጋዝ ራሴን ዳበሰኝ። አባቴ ስለ እኔ መታፈን አስቦ ያውቃል ብዬ ገምቼም አላውቅም ነበር፤ ደስታዬ ልክ አጣ።

ሐይቁ ኦስትፎርን ነው፣ ከወደቡ ማዶ፣ የመርከብ ማንሻዎቹ በሩቅ የሚታዩበት። ውኃው ገና በረዶ ነው። ወቅቱ ሲጀምር ፎረሎቹ ብርዱ አደንዝዟቸው ለዳሩ ተጠግተው ይቆማሉ፤ ስለዚህ ሩቅ መወርወር አያስፈልግም፣ ዝም ማለት ነው የሚያስፈልገው። ጋሼ አበጋዝ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪውን ለብሶ ይገባል። እኔ ቦት ጫማዬን አድርጌ፣ እሱ የሰጠኝን ታጣፊ የዓሣ በርጩማ ዘርግቼ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። ክሩን ወደ ኋላ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት ያወናጭፈዋል፤ በመጨረሻ ጫፉ ላይ ያለችው ዝንብ ውኃው ላይ ጠብ ትላለች። ዝንብ ይሏታል እንጂ ዝንብ አይደለችም። መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ተጠምጥሞባት ነፍሳት እንድትመስል የተሠራች ናት። ዓሣዋ ምግብ መስሏት ጎርሳ ስትቀር ያየሁ ቀን አዘንኩላት።

«አትዘኝ፣ እንለቃታለን» አለኝ። «በሁዳዴ ደም አላፈስም።» እጁን አረጠበ፣ መንጠቆውን ነቀለላት፣ ጭንቅላቷን ወደ ሐይቁ አዙሮ እስክትነቃ ድረስ ደግፎ ያዛትና ለቀቃት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብተን ፒንዳካስ፣ የለውዝ ቅቤ፣ የተቀባ የጾም ዳቦ በላን፣ ሻይ ጠጣን። እየበላሁ ሁሉ ነገር ይጠይቀኛል፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መምህሬ፣ ስለ ሕልሜ። አባቴ ሕልሜን ጠይቆኝ አያውቅም።

ዝንቦቹን የሚሠራው ራሱ ነው። መኪናው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞርሳ አለችው፤ መንጠቆውን ነክሳ ትይዝለትና እሱ ላባውን በክር ያስርበታል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ሳጥኑን ከፍቶ ተከዘ።

«ጥቁር የሆነ ነገር አለቀብኝ። ትልቋ ፎረል በላባ አትታለልም። ረጅም ጥቁር ፀጉር ነው የምትፈልገው።»

«የእማዬን ላምጣልህ?»

«የእናትሽማ ሂና ነው፣ አጭርም ነው። ሌላ ጥቁር ፀጉር ቤታችሁ የለም?»

 ምስጢር ነዋ! ከንፈሬን ነከስኩና ወደ ውኃው አየሁ። እሱም አልጨቀጨቀኝም። «በቃ ትቅር፣ ትልቋን ሳንይዛት ወቅቱ ያልፋል» ብሎ ሳጥኑን ዘጋው። ቀኑን ሙሉ ጥፋተኛ እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

እቤት ስደርስ ከራሴ ጋር ስሟገት አመሸሁ። የትነበርሽ እዚህ አለች ብዬ ከተናገርኩ ምስጢር አወጣሁ ማለት ነው። ፀጉር ግን አይናገርም። አልተናገርኩም እኮ! ደግሞ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ነው ያለችው፤ እጁን አርጥቦ ዓሣ የሚይዝ ሰው ምኑ ነው ክፉ? የትነበርሽ ገላዋን ስትታጠብ ቆርቆሮውን ከፈትኩና ከኳሶቹ አንዷን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሰጠው መኪናው ውስጥ ነበርን። ኳሷን ፈታና አንዷን ዘለላ ለብቻ አወጣ። በሁለት ጣቱ ይዞ ቀጥ እስክትል ሳባት። ክርኑን አልፋም አላለቀችም። መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ።

«ጥሩ ፀጉር ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠንካራ ነው። ስትስቢው ቶሎ አይበጠስም።»

ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አሁን አሁን፣ ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር ያቺ ቃሉ ትመጣብኝና ማበጠሪያውን አስቀምጣለሁ። ያንን ፀጉር ስቦ ያውቀው ነበራ።

ዝንቧን ሠራት። ጥቁር፣ ረጅም ጭራ ያላት፣ ወገቧ ላይ ብርማ ክር የተጠመጠመባት። ዘንጉን እኔ እንድይዘው ፈቀደልኝ። ትልቋ ፎረል መጣች፣ እጄን ልትገነጥለው ደረሰች፤ ስንይዛት ጎኗ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ነበራት። እጄን አረጥቤ ራሴ ለቀቅኳት። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሳላቋርጥ ስዘምር እሱ ግን አልዘመረም። ዝንቧን ከክሩ ፈቶ የጃኬቱ ኮሌታ ላይ ሰክቷታል።

የሆሳዕና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደወሉ ተደወለ። የትነበርሽ እንደ ልማዷ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ገባች። አባቴ ማነው ሳይል ከፈተ፤ ሳሎኑ በነጭ ነጠላ ሞላ። ሽማግሌዎቹን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። ከፊት ጋሼ ገብረመድህን ናቸው፣ ሁሌ ከኪሳቸው የልጆች ከረሜላ የማይጠፋው። ከኋላ ጋሼ አበጋዝ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔማ በዓል መሰለኝ! እንግዳ መጣ ብዬ እልል ልል ምን ቀረኝ።

ግን ሁሉም ቆመዋል፣ አንድም የተቀመጠ የለም። ወንበር አንሷቸው ነው ብዬ ሮጥኩ። የወጥ ቤቱን ሁለት ወንበር አመጣሁ። የመታጠቢያ ቤቱን በርጩማ አመጣሁ። የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ወንበር እየጎተትኩ አመጣሁ። አልተቀመጡም። በመጨረሻ የዓሣ ማጥመጃዋን ታጣፊ በርጩማ አምጥቼ ጋሼ ገብረመድህን እግር ሥር ዘረጋኋት።

«ይቀመጡ» አልኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ያልኩት ያን ቀን ነው።

«ተባረኪ ልጄ። እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉኝ። ወደ እናቴ ዞሩ። «ዓለምወርቅ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ፣ በሰሞነ ሕማማት ደጃፍ የሰው ትዳር እናድን። አበጋዝ አጥፍቷል፣ አምኗል። እኛ ዋስ ነን። ልጅቷን ወደ ቤቷ እንመልሳት።»

«የምን ልጅ? እዚህ ማንም የለም» አለች እናቴ። ክፍሌ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እናቴ በጾም ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጋሼ አበጋዝ ኮሌታው ላይ የሰካትን ዝንብ ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።  ያኔ አባቴ፣ የገዛ አባቴ፣ ጎንበስ አለና በለስላሳ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ፀዲዬ፣ ይሄን ፀጉር ለጋሼ ማነው የሰጠው?»

«እኔ!» አልኩ። ኮርቼ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ትልቋን ፎረል የያዝነው በሱ ነው!»

የእናቴ ፊት ክው ሲል አየሁ። አባቴ እጁን ዘረጋና ለሁሉም፣ ለእናቴም ለሽማግሌዎቹም፣ «ይኸው። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» አለ። የክፍሌ በር ከኋላዋ ተከፈተ። የትነበርሽ በነጠላ ተሸፍና ወጣች፤ ሁሉንም ሰምታለች። እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ዓይኗን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ጋሼ ገብረመድህን በዚያ ዕድሜያቸው ጉልበታቸው ምንጣፉን እስኪነካ ወረዱ። እሳቸው ሲንበረከኩ የትነበርሽ አፏን በእጇ ያዘች። «እሺ፣ ይነሱ አባቴ፣ ይነሱ» አለች። እነሱም ተነሱ፣ እኔ ባመጣኋቸው ወንበሮች ላይ አንድ በአንድ ተቀመጡ፣ መረቁ። በመጨረሻ ተቀመጡልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የትነበርሽ ሻንጣዋንና የብስኩት ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች። ማበጠሪያዬን አልጋው ላይ ትታው ነበር፤ ረስታው ነው ብዬ ደረጃው ላይ ተከትያት ሮጥኩ፣ እሷ ግን ዞር አላለችም።

እናቴ ያን ዕለት አልቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! «የሰው ፀጉር ለሰው አይሰጥም» ብቻ አለችኝ፣ ያውም በቀስታ። እኔ ደግሞ ነገሩን በራሴ መንገድ ተረዳሁት። የትነበርሽን የወሰዳት ፀጉሯ ነው፤ ተሠራበት፤ ትልቋ ፎረል ያንን ፀጉር ነክሳ የሄደች ቀን ድግምቱ ያዘ። ዓመታት ሙሉ ያመንኩት ይሄንን ነው። ስንት ሌሊት ተነስቼ ያቺን ዓሣ ስለ እግዚአብሔር መልሺልኝ ብያታለሁ።

በሰኔ አባቴ ፋስት ኮንትራት ፈረመ። በቋሚ ሥራው ብድር ተፈቀደለትና ጓሮ ያላት ቤት ገዛን፣ እዚያው ስኪዳም። ትዳር ስላስታረቀ እግዚአብሔር ካሰው ተባለ፤ እኔም እውነት መሰለኝ።

እኔ የተካስኩት በስም ነው። «አፏ አያርፍም» ተባልኩ። ወጥ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እናቴ ስልክ ይዛ እኔን ስታይ «በኋላ እደውላለሁ» ትላለች። የአጎቴ ሚስት ስትፀንስ ከቤተሰቡ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፤ ለምዶባቸው ነው። እኔም ለመደብኝና ዝምተኛ ሆንኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ምስጢር ሲኖራቸው ለእኔ ነው የሚነግሩኝ፤ መቃብር ነሽ ይሉኛል። እናቴ ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር።

የትነበርሽ ከጋሼ አበጋዝ ጋር ሁለት ክረምት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን በገዛ እግሯ ወደ ሴቶች መጠለያ ሄደች፤ ማንም ዘመድ ቤት አልሄደችም። ዛሬ አምስተርዳም ናት፣ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፣ ፀጉሯን ወንድ አስመስላ ተቆርጣዋለች። አምና የክርስትና ድግስ ላይ አገኘኋት። ጉንጬን ሳመችኝ። አጠገቧ ያለችው ሴት «አዲሱ ቤትሽ የት ሆነ?» ብላ ስትጠይቃት አፏን ከፈተች፣ እኔን አየች፣ ዘጋችው። «ወደዚያ ወደ ዳር ነው» አለች። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ዓሣ ማጥመዱን አልተውኩትም። እንዴት ያስችልሻል የሚሉኝ አሉ። እወደዋለኋ! ጋሼ አበጋዝ ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ ይሄን ደግሞ አልሰጠውም። በመጋቢት መግቢያ፣ ወቅቱ ሲጀምር፣ ብቻዬን ኦስትፎርን እሄዳለሁ።

ዘንድሮም ሄድኩ። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ታጣፊ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክር ከመንጠቆ ጋር ይታገላል። ክሩን ምላሱ ላይ ያረጥባል፣ ወደ ሰማይ ያነሳዋል፣ ቀዳዳዋን ይስታል። ሳልፍ በሆላንድኛ «ሜፍራው»፣ እመቤት፣ ብሎ ጠራኝ፤ ቀና ስል ጋሼ አበጋዝ ነው። እሱም አወቀኝ።

«ፀደንያ! የዋሲሁን ልጅ! ተመስገን። ነይ ይቺን ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ እንቢ ብሎኛል።»

መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን አልሄደም። ሳጥኑን ከፈተልኝ። ጥግ ላይ፣ ለብቻዋ፣ ጥቁር ረጅም ጭራ ያላት፣ ብርማ ክሯ የዛገ ዝንብ ተሰክታለች።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?» አለኝ እየሳቀ። «እንዴት ያለች ፎረል ነበረች! ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል። የትነበርሽን ያገኘሃት በሷ ነው።»

ሳቁን አቆመ። «እኔ? በዝንብ? ኧረ ባክሽ። የትነበርሽ እናንተ ቤት መሆኗን ከጥምቀት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? አባትሽ ነዋ።» ግራ የገባው እሱ ነበር። «አባትሽ አልነገረሽም? ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚወቅሰው። እኔማ ያኔውኑ ሽማግሌ ልላክ ስል፣ አይሆንም፣ ከእኔ አፍ መውጣቱን ዓለምወርቅ ካወቀች ቤቴ ይፈርሳል ብሎ ለመነኝ። ሌላ መንገድ እንፈልግ አለ። ልጄን ዓሣ ይዘሃት ሂድ፣ አልጋው ሥር ቆርቆሮ አለ፣ ፀጉሩን ከእሷ ጠይቃት ያለኝ እሱ ነው። በእርግጥ ብልሃቱ ሠራ። ያን ሰሞን ነው ኮንትራቱን የጨረስኩለት።»

የሆነ መርከብ ወደቡ ላይ ጮኸ። እጄ ላይ ክሩም ዝንቧም አሉ። ልጅ ሆኜ ያሳዘነችኝን ዓሣ አስታወስኩ፤ አሁን ያሳዘነችኝ ግን ደረቷን ነፍታ «እኔ!» ያለችው ልጅ ናት። ጥቁሯን ዝንብ ኪሴ ከተትኩ። ክሩን ጉልበቱ ላይ ጣልኩለት።

«ኧረ አስገቢልኝ እንጂ! ፀደንያ!»

ሳላስገባለት ሄድኩ።

በማግስቱ እሑድ እንደ ወትሮዬ አባቴንና እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳቸው ስኪዳም ሄድኩ። እናቴ ፎቅ ላይ ነጠላዋን ትለብሳለች። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። አርጅቷል፤ ጎንበስ ሲል ያቃስታል። ሌላ ቀን ቢሆን ጎንበስ ብዬ አስርለት ነበር።

«ትናንት ዓሣ ሄደሽ ነበር አሉ። ያዝሽ?»

ዝንቧን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ልክ ያኔ እንደተቀመጠችው። አያት። ጫማውን ማሰሩን ተወ።

«አበጋዝን አግኝተሽው ነው» አለ።

«አባዬ፣ እውነት ነው?»

 እንዲክድ ፈለግኩ፤ አበጋዝ ውሸታም ነው ቢለኝ ወዲያው አምነው ነበር፣ እምላለሁ።

«ልጅ ነበርሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ልጅን ማን ይቀየማል ብዬ ነው።»

«ሁሉም ተቀየመኝ እኮ አባዬ። ሁሉም።»

«ቤታችን እንዳይፈርስ ነው። ላንቺው ብዬ ነው። ይቺ ጓሮ፣ ይሄ ሁሉ...» እጁን ወደ መስኮቱ አወናጨፈ። የእናቴ እግር ደረጃው ላይ ሲሰማ ድንገት ወደ እኔ ተጠጋና ክንዴን ያዘኝ። እጁ ደረቅ ነበር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ በሹክሹክታ። «ፀዲዬ፣ ባክሽ። አንቺ ምስጢር ታውቂያለሽ።»

አንቺ ምስጢር ታውቂያለሽ! ይህን ቃል ከዚያ ቤት ሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ሁለታችንም ዝም አልን። እሷ ዘወር ዘወር ብላ አየችን፤ እኔ ስገባ ወሬ ሲቋረጥ እሷን የምመለከትበትን ዓይን ዛሬ እሷ ላይ አየሁት።

«ምን ሆናችሁ? ምን እያወራችሁ ነበር?» አለች። «ረፍዷል፣ ተነሱ እንጂ።»

አባቴ አየኝ። ክንዴን አልለቀቀም።

ክንዴን ከእጁ አወጣሁና ወጥ ቤት ገብቼ ወንበር አመጣሁ። ጠረጴዛው አጠገብ፣ ዝንቧ ፊት ለፊት አደረግኩላት።

«ተቀመጪ እማዬ» አልኳት።